ያልተተከለው መሰላል፦ በሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ማደግና መውረድ ለምን የለም?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ በተካሄደው የዩኤስ ኦፕን ካፕ የፍጻሜ ጨዋታ ሮቸስተር ሬጂንግ ራይኖስ የተባለ ክለብ ኮሎራዶ ራፒድስን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ራይኖስ የሚጫወተው በሁለተኛው እርከን፣ ኤ-ሊግ በሚባለው ውድድር ነበር። ለፍጻሜ እስኪደርስ ቺካጎ ፋየርን፣ ዳላስ በርንንና ኮለምበስ ክሩን አሰናብቷል፤ በፍጻሜው የረታውን ጨምሮ አራቱም የአገሪቱ አንደኛ ሊግ የሆነው የሜጀር ሊግ ሶከር ቡድኖች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከአንደኛው ሊግ ውጭ ያለ ክለብ ይህን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም።

የእንግሊዝን ወይም የኢትዮጵያን ሊግ እየተከታተለ ያደገ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ለመገመት አይቸገርም። ራይኖስ በ1998፣ በ2000 እና በ2001 የኤ-ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ መሰላል ባለበት አገር ከሦስቱ አንዱ ብቻ ወደ ላይኛው ሊግ ባሳደገው ነበር። ሮቸስተር ግን የምትወጣበት መሰላል አልነበራትም። የነበራት መንገድ ማመልከት ነው፦ ሀብታም ባለቤት ማግኘት፣ ስታዲየም መሥራት፣ የመግቢያውን ዋጋ መክፈል፣ ከዚያም በውስጥ ያሉት ባለቤቶች እሺ እስኪሉ መጠበቅ። በ2006 ለእግር ኳስ ተብሎ የተሠራ ስታዲየም በከተማዋ ተከፈተ፤ ጥሪው ግን አልመጣም። ክለቡ በ2015 ዩኤስኤል በተባለው ሊግ አንድ ጊዜ ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ2017 የውድድር ዘመን በኋላ እንቅስቃሴውን አቆመ። በ2022 ስሙን ቀይሮ ሲመለስ የገባው የአንደኛው ሊግ ክለቦች ተተኪ ቡድኖቻቸውን በሚያጫውቱበት ውድድር ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ የትልልቆቹ ልጆች ሲሆኑ ራሱን ችሎ የቆመው እርሱ ብቻ ነበር። በመጋቢት 2023 ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ጄሚ ቫርዲ መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያስገርማል፤ በእንግሊዝ ስምንተኛ እርከን ከሚጫወት አነስተኛ ክለብ ተነሥቶ በ2016 ከሌስተር ሲቲ ጋር ሻምፒዮን የሆነው ቫርዲ የመሰላሉ ልጅ ነውና።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንዱ አሜሪካውያን እግር ኳስ አይገባቸውም የሚል ነው፤ ሌላው የባለሀብቶች ስግብግብነት ነው። ሁለቱም ጥቂት እውነት አያጡም። ነገር ግን አንዳቸውም አሠራሩ በዚህ መልክ ለምን እንደ ተዋቀረ፣ ይልቁንም እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተለወጠ አያስረዱም። የሊግ አወቃቀር በመሠረቱ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፦ ክለብ ሲከስር ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? አሜሪካ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው እግር ኳስ ሥር ሳይሰድባት አስቀድሞ፣ በቤዝቦል ሜዳ ላይ ነው።

በ1876 የቺካጎው የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ዊልያም ሐልበርት ናሽናል ሊግን ሲያቋቁም መፍትሔ የሚፈልግለት ችግር በዓይኑ ፊት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ማኅበር ማንኛውም ክለብ 10 ዶላር ከፍሎ ይገባ ነበር፤ ገንዘብ ሲያልቅበት ደግሞ የቀሩትን ጨዋታዎች ትቶ ይበተናል። ተጋጣሚው ሜዳ ተከራይቶ፣ ትኬት ሸጦ ባዶ እጁን ይቀራል። ሐልበርት አባልነትን በግብዣ ብቻ አደረገው፤ ለአንድ ከተማ አንድ ክለብ ፈቀደ፤ ከተማዋም ቢያንስ 75,000 ነዋሪ እንዲኖራት ደነገገ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክና የፊላደልፊያ ክለቦች የመጨረሻውን የምዕራብ ጉዞ አናደርግም ሲሉ፣ ሁለቱ የአገሪቱ ታላላቅ ከተሞች መሆናቸው ሳያግደው አስወጣቸው። ከሊግ የሚያስወጣው መሸነፍ ሳይሆን ግዴታን አለመፈጸም ሆነ። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስም ሆነ የአሜሪካ ፉትቦል በኋላ ሲደራጁ ይህንኑ ንድፍ ተከተሉ።

ከ12 ዓመት በኋላ በ1888 የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ በ12 ክለቦች ሲመሠረት መሰላል ይዞ አልተወለደም። በዓመቱ መጨረሻ ከግርጌ የቀሩት አራቱ ክለቦች እንደገና ለመመረጥ ያመለክቱ ነበር፤ መራጮቹ ባልንጀሮቻቸው ናቸው። መሰላሉ የተወለደው ከስምምነት ነው። በ1892 ፉትቦል አሊያንስ የተባለው ተፎካካሪ ሊግ ሲጠቃለል አብዛኞቹ ክለቦቹ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሆነው ገቡ፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈውንም በመለያ ጨዋታ መወሰን ተጀመረ። በውጤት ብቻ ማደግና መውረድ የተተከለው በ1898 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የታችኛው በር ዝግ ነበር። ከፕሮፌሽናል ሊጉ በታች ያለ ክለብ በምርጫ ካልሆነ በቀር መግባት አይችልም ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1987 ሲሆን ያን ዓመት ስካርቦሮ ወጣ፣ ሊንከን ሲቲ ወረደ። ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚታየው የእንግሊዝ መሰላል ተሠርቶ እስኪያልቅ መቶ ዓመት ገደማ ወስዷል፤ እያንዳንዱ ደረጃም የተጨመረው በውስጥ ያሉት በውጭ ያሉትን ማስገባት ይሻለናል ብለው ባመኑበት ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰዓት ለእግር ኳስ ሳይመጣለት ቀረ።

ሙከራ ጠፍቶ አይደለም። በ1894 የቤዝቦል ክለብ ባለቤቶች በመጸው ወራት ባዶ የሚቀሩ ሜዳዎቻቸውን ለመሙላት የእግር ኳስ ሊግ አቋቁመው ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተዉት። በ1921 የተመሠረተው አሜሪካን ሶከር ሊግ ከዚያ እጅግ የተሻለ ነበር። እንደ ቤተልሔም ስቲልና ፎል ሪቨር ያሉ የኢንዱስትሪ ከተሞች ክለቦች ከስኮትላንድ ሳይቀር ተጫዋች ያስመጡ ነበር። ሆኖም በ1928 ከፌዴሬሽኑ ጋር በጥሎ ማለፉ ዋንጫ ምክንያት ጠብ ውስጥ ገባ፤ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ደግሞ የተረፈውን ጨረሰ። ሊግና ፌዴሬሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ካልዋሉ መሰላል የሚተክል አካል አይኖርም፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ አካል ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

ከዚያ የመጣው ውድቀት የዛሬውን ሊግ አስተሳሰብ የቀረጸው ነው። የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ባለሀብቶች ተሽቀዳደሙ፤ በ1967 ሁለት ተቀናቃኝ ሊጎች በአንድ ዓመት ጀመሩ። በ1968 ተዋሕደው በ17 ቡድን የኖርዝ አሜሪካን ሶከር ሊግ ሆኑ፤ በ1969 የቀሩት አምስት ነበሩ። በ1975 ፔሌ ኒው ዮርክ ኮስሞስን ሲቀላቀል ነገሩ ተገለበጠ። በነሐሴ 1977 አንድ የኮስሞስ ጨዋታ 77,691 ተመልካች ሰበሰበ። በ1978 ሊጉ 24 ቡድን ደረሰ። ኮስሞስ ከጀርባው ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ነበረለት፤ ሌሎቹ ግን የእርሱን ወጪ ሊከተሉ ሲሞክሩ ተራ በተራ ወደቁ። የ1984 ውድድር ሲያልቅ ሊጉም አለቀ። ማንም ወደ ታች አልወረደም፤ የሚወረድበት ታች አልነበረም። በተዘጋ ሊግ ውስጥ ያለ ገደብ የተወዳደሩ ባለቤቶች አንዱ ሌላውን ይዞ ወደቀ።

ስለዚህ ፊፋ ሐምሌ 4 ቀን 1988 የ1994ን የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሲሰጥ፣ አንደኛ ደረጃ ፕሮፌሽናል ሊግ እንድታቋቁም ግዴታ ሲያስገባት፣ ንድፉን የሚያወጡት ሰዎች በአእምሯቸው የነበረው ሮቸስተር ሳይሆን ኮስሞስ ነበር። በፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በአለን ሮተንበርግ መሪነት፣ በጠበቃው በማርክ አቦት እቅድ አውጪነት የተወለደው ሜጀር ሊግ ሶከር ከዚያ በፊት በስፖርት ውስጥ እምብዛም ያልተለመደ መልክ ነበረው። ሊጉ አንድ ኩባንያ ነው። ባለሀብቶቹ በመጀመሪያ የሚገዙት ክለብ ሳይሆን የኩባንያውን ድርሻ ነው፤ ከድርሻቸው ጋር አንድ ቡድን የማስተዳደር መብት ያገኛሉ። የተጫዋቾች ውል ከክለቡ ጋር ሳይሆን ከሊጉ ጋር ይፈረማል። በሚያዝያ 1996 በ10 ቡድን ተጀመረ።

የዚህ መልክ ትርጉም የሚገባው ከሕጉ ሲነሡ ነው። በ1890ው የሸርማን ሕግ መሠረት የተለያዩ ነጋዴዎች ደመወዝ ለመገደብ ቢስማሙ ሴራ ይሆንባቸዋል። አንድ ኩባንያ ግን ከራሱ ጋር ሊያሤር አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ባሳለፈው ውሳኔ እናት ኩባንያና ሙሉ በሙሉ የራሷ የሆነ ቅርንጫፍ አንድ ናቸው ብሏል። ሊጉ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ተጫዋቾቹ በ1997 ከሰሱ። ዳኛው በ2000 የአንድ ኩባንያነቱን መከራከሪያ ተቀበለ፤ ጁሪው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሌላ ምክንያት ለሊጉ ፈረደ፤ ቦስተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 ውጤቱን ሲያጸና ሊጉ በእርግጥ አንድ ኩባንያ ነው ወይስ ድቅል የሚለውን ጥያቄ ሳይዘጋ አለፈ። ሊጉ አሸነፈ፤ ያሸነፈበት መከራከሪያ ግን እጁን አሰረው። ባለቤቶቹ አንድ አካል ነን ባሉበት አፋቸው የአንዱን ቡድን ወደ ታች ጥለው የሌላ ኩባንያ ንብረት የሆነ ክለብ እንዴት ያስገባሉ? መውረድ የሚቻለው ተለያይቶ ለቆመ ክለብ ነው።

በ2002 መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ባዶ ንድፈ ሐሳብ ሆኖ ነበር። ሊጉ ታምፓ ቤይ ሚዩቲኒንና ማያሚ ፊውዥንን ዘጋ፤ 10 ቡድን ቀረ። እነዚያን 10 ቡድኖች በትከሻቸው ያቆሙት ሦስት ባለሀብቶች ናቸው፦ ፊሊፕ አንሹትስ፣ ላማር ሐንትና ሮበርት ክራፍት። ለተወሰነ ጊዜ ከ10ሩ ስድስቱን ያስተዳድር የነበረው አንሹትስ ብቻውን ነው። ያኔ መውረድ ቢኖር የሚወርደውም በሊጉ የሚቀረውም የአንድ ሰው ንብረት ይሆን ነበር። ሐንት የዳላስ ቶርኔዶ ባለቤት በመሆን የቀድሞውን ሊግ አወዳደቅ ከውስጥ አይቷል። ይህን በመሰለ ሰው ዓይን በሩን መዝጋት ስግብግብነት አልነበረም። ሰዎቹ በየዓመቱ እየከሰሩ ሕንጻውን በደጋፊ እንጨት ያቆሙ ነበሩ፤ ጥሩ የተጫወተ እንግዳ ሲመጣ ከራሳቸው አንዱን ወደ ውጭ እንዲያስወጡ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም።

ነገር ግን ሕንጻው ጸና። በዚህ ጊዜ ደግሞ መጠለያ የነበረው ግድግዳ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ቶሮንቶ በ2007 ሲገባ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ሲያትል በ2009 30 ሚሊዮን፤ በ2015 መጫወት የጀመረው ኒው ዮርክ ሲቲ 100 ሚሊዮን። 30ኛው ክለብ ሳን ዲዬጎ በ2023 ሲፈቀድለት የተነገረው ዋጋ 500 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ተጫዋች ወይም ሜዳ አይደለም፤ እነዚያ ሌላ ወጪ ናቸው። የሚገዛው ያለመውረድ ዋስትና ነው። ነገ መሰላል ቢተከል ዋጋው ይወድቃል፤ ለዚያ ድምፅ የሚሰጡትም ዋጋውን የከፈሉት ራሳቸው ናቸው። በ2002 በሩን ለመክፈት የጠፋው አቅም ነበር። ዛሬ አቅሙ አለ፤ ፈቃደኛ የሚያደርግ ምክንያት ግን የለም።

ደጋፊ የተሰለፈላቸው ከተሞችም በዚህ ሥርዓት ከሥጋት ነጻ አልወጡም፤ ሥጋታቸው ዓይነቱን ለወጠ እንጂ። የ1999ኙ ፍጻሜ የተካሄደባት ኮለምበስ በዚያው ዓመት ለዚሁ ሊግ ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያ የእግር ኳስ ስታዲየም የከፈተች ከተማ ናት። በ2017 የኮለምበስ ክሩ ባለቤት ክለቡን ወደ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ሊያዛውረው መሆኑ ተሰማ። ደጋፊዎች ተሰባሰቡ፤ የኦሃዮ ግዛትም ክሊቭላንድ የፉትቦል ቡድኗን ካጣች በኋላ በ1996 ያወጣውን ሕግ ይዞ ከሰሰ፤ በመጨረሻ የአካባቢው ባለሀብቶች ገዝተው አቆዩት። የእንግሊዝ ደጋፊ ቡድኑ ይወርድብኛል ብሎ ይሠጋል፤ የአሜሪካው ይሄድብኛል ብሎ። የወረደ ክለብ ከከተማው ጋር ይቆያል።

ይቆያል ሲባል ግን ቤሪን ማንሳት ግድ ነው። በማንቸስተር አቅራቢያ የምትገኘው የቤሪ ከተማ ክለብ በ1885 የተመሠረተ፣ በ1900 እና በ1903 የኤፍኤ ካፕን ያነሳ ነው። በ2019 ጸደይ ከአራተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው አደገ። ለማደግ ያወጣው ገንዘብ ግን የራሱ አልነበረም፤ በነሐሴ ዕዳውን የሚከፍልበትን ማስረጃ ማቅረብ አቅቶት ከሊጉ ተባረረ። ባደገበት ዓመት ጠፋ። ሮቸስተር አሸንፋ ባለመውጣቷ ተቀጣች፤ ቤሪ ለመውጣት በከፈለችው ተቀጣች። መሰላል ለሁሉም ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋውን ግን ክለቦች በብድር ይገዙታል፤ ብድሩ ሲፈርስም የሚጎዳው ትንሹ ከተማ ነው። የተዘጋው ሊግ ኪሳራን ለሠላሳ ባለቤቶች አከፋፍሎ ያቀልላል፤ የሚያስከፍለው ደግሞ ከደጅ የቀሩትን ነው፤ እነርሱም በሂሳብ መዝገብ ላይ አይታዩም። የማደግና መውረድ ደጋፊዎች በአሜሪካ ሲከራከሩ ቤሪን ባያነሡ፣ የሊጉ ጠበቆችም ሮቸስተርን ባያነሡ አይደንቅም።

በሩን በኃይል ለመክፈት የተሞከረው ሁሉ ከሽፏል። በ2017 የማያሚ ኤፍሲ ባለድርሻ ሪካርዶ ሲልቫ፣ ሊጉ ማደግና መውረድን ከተቀበለ ኩባንያው ለ10 ዓመት የስርጭት መብት 4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ ማቅረቡ ተዘገበ፤ ሊጉ አልተቀበለም። በዚያው ዓመት ማያሚ ኤፍሲና የኒው ዮርክ ግዛቱ ኪንግስተን ስቶኬድ ጉዳዩን ወደ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ወሰዱት። የያዙት መሣሪያ ከባድ ይመስል ነበር፦ የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ በአገር ውስጥ ሊግ የመሳተፍ መብት በዋናነት በስፖርታዊ ውጤት ላይ እንዲመሠረት ይላል። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2020 አልተቀበላቸውም። ድንጋጌው መሰላል ባለበት አገር ክለቦች ቦታ በመግዛት እንዳይወጡ ለመከልከል የወጣ እንጂ፣ በሌለበት አገር መሰላል ለማስተከል አይደለም ተባለ። ሁለተኛው የኖርዝ አሜሪካን ሶከር ሊግ በፌዴሬሽኑና በሜጀር ሊግ ሶከር ላይ የመሠረተው የፀረ ሞኖፖሊ ክስም በየካቲት 2025 በብሩክሊን ጁሪ ፊት ተሸነፈ።

በዚህ መካከል ነፋሱ የሚነፍሰው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። ሜክሲኮ፣ መሰላል የነበራት አገር፣ በ2020 ማደግና መውረድን አቆመች፤ ከግርጌ የሚቀሩት ክለቦች በመውረድ ፈንታ ቅጣት እንዲከፍሉ ተደረገ። በሚያዝያ 2021 ደግሞ 12 የአውሮፓ ክለቦች መውረድ የሌለበት ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ብለው ተነሡ። ከእንግሊዞቹ መካከል የአርሰናል፣ የሊቨርፑልና የማንቸስተር ዩናይትድ ባለቤቶች በአሜሪካ የተዘጉ ሊጎች ቡድን ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የአርሰናሉ ባለቤት ክሮንኬ በ1999 በሮቸስተር የተሸነፈውን የኮሎራዶ ራፒድስን ዛሬ የያዘው ነው። እቅዱ በቀናት ውስጥ በደጋፊ ተቃውሞ ፈረሰ። ይህ ተቃውሞ በእንግሊዝ ሊሆን የቻለው መሰላሉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ቆየ ነው። በአሜሪካ ያልነበረ ነገር ሲጠፋ የሚጮህ ሕዝብ አይኖርም።

እንቅስቃሴ የታየው ካልተጠበቀ ወገን ነው። በየካቲት 2025 ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እርከን የሚያስተዳድረው ዩኤስኤል ከ2027-28 ጀምሮ የራሱን አንደኛ ዲቪዚዮን እንደሚከፍት አስታወቀ፤ በመጋቢት የክለቦቹ ባለቤቶች በሦስቱ እርከኖቹ መካከል ማደግና መውረድ እንዲኖር በከፍተኛ ድምፅ አጸደቁ። በፕሮፌሽናል ደረጃ በአሜሪካ እግር ኳስ ይህን የመሰለ ውሳኔ ከዚያ በፊት አልተላለፈም። ለምን አሁን ለሚለው የዋጋው ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። የአንደኛው ሊግ መግቢያ 500 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ ከታች ላሉት ማመልከት ተስፋ መሆኑ ቀረ። ሳክራሜንቶ ሪፐብሊክ በ2019 ተፈቅዶለት በ2021 ዋናው ባለሀብት ሲወጣ ቦታውን አጣ፤ በ2022 ደግሞ ሦስት የአንደኛ ሊግ ክለቦችን ጥሎ ለኦፕን ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። ለእንዲህ ያለው ክለብ መውረድን መቀበል ከባድ መሥዋዕትነት አይደለም፤ የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያገኘው ብዙ ነው። በ1892 የእንግሊዝን መሰላል ያስተከለው ስሌት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የቀረው እንቅፋት የፌዴሬሽኑ መስፈርት ነው። አንደኛ ዲቪዚዮን ለመባል ቢያንስ 12 ቡድን፣ 15,000 ሰው የሚይዙ ስታዲየሞችና ዋና ባለቤታቸው 40 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ሀብት ያለው ክለቦች ያስፈልጋሉ፤ ከቡድኖቹም ሦስት አራተኛው ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባለባቸው ከተሞች መገኘት አለባቸው። ከ12 ቡድን ዘጠኙ ማለት ነው። የትንሽ ከተማ ክለብ አሸንፎ ሲያድግ፣ የትልቅ ከተማ ክለብ ሲወርድ፣ ይህ ቁጥር በአንድ ዓመት ሊዛባ ይችላል፤ የስታዲየሙ ወንበር ደግሞ በአንድ ክረምት አይጨመርም። ሐልበርት በ1876 ያስቀመጠው የ75,000 ነዋሪ ቁጥር አድጎ ሚሊዮን ሆኗል እንጂ ከመጽሐፉ አልወጣም፤ ሻምፒዮኑ ክለብ መስፈርቱን ባያሟላ ቦታው ለማን እንደሚሰጥም ገና ተጽፎ የሚያበቃ ደንብ ነው።